መብራት ሲጠፋስ? በስልካችሁ ብቻ የኤሌክትሪክ መኪና ማስተዋወቂያ ቪድዮ አሰራር

መጀመሪያ የሰራሁትን ቪድዮ ዛሬ ሳየው ያሳፍረኛል። የወንድሜን የኤሌክትሪክ መኪና ቦሌ አካባቢ አቁመን ጎማው ሲዞር፣ በሩ ሲከፈት፣ ስክሪኑ ሲበራ፣ ከስሩ ደግሞ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ፣ 3 ደቂቃ ከምናምን። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ለእማዬ አሳየኋት፣ እስከ መጨረሻው በትዕግስት አይታ "ቆንጆ መኪና ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋ ምን ልትሆኑ ነው?" አለችኝ። በቃ። 3 ደቂቃ ሙሉ ስለፋ ሰው ልብ ውስጥ ያለችውን አንዷን ጥያቄ እንኳን አልነካኋትም።

ከዛ በኋላ የሰራኋቸው ሁሉ የሚነሱት ከዚህች ጥያቄ ነው። ሰው የሚጠራጠረውን ነገር አትደብቁት፣ እሱኑ ቅረፁት። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መከልከሉን መንግስት በ2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ አንዳንዱ ሰው "አሁንማ ማስተዋወቅ ምን ያደርጋል፣ ሌላ ምርጫ የለም" ይላል፣ ግን ነዳጅ መኪና መግባት ስላቆመ ሰው ኤሌክትሪክ ወደደ ማለት አይደለም፣ አሮጌ የነዳጅ ቪትዝ በውድ ዋጋ የሚገዛው ሰው እኮ ብዛቱን እያያችሁት ነው። ስለዚህ ስራ አለ። ካሜራ አያስፈልግም፣ ስልክ ይበቃል። ቢዋይዲም ይሁን አይዲ 4 የወዳጅ ኤሌክትሪክ መኪና፣ አንድ ሳምንት ትዕግስት፣ ከዛ እንጀምር።

1. አንድ ጥያቄ ምረጡ፣ አንድ ብቻ

ሰው የሚጠይቀውን ለመስማት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ የቆሙ ሹፌሮች አጠገብ 10 ደቂቃ ቁሙ። መብራት ሲጠፋስ? ባትሪው ከሞተስ? አዳማ ደርሶ ይመለሳል? ጋራዥ የት ነው የሚሰራው? ዳገት ይወጣል? እያንዳንዷ ጥያቄ አንድ ቪድዮ ናት። አምስቱን አንድ ላይ አጭቃችሁ በ1 ደቂቃ እመልሳለሁ ብትሉ አንዷም ሰው ጭንቅላት ውስጥ አትቀርም።

በቪድዮ ልታሳዩ የምትችሉትንና በቃል ብቻ የምትናገሩትን ለዩ። "ለአካባቢ ጥሩ ነው" የሚለውን ለምሳሌ ማሳየት ይከብዳል፣ መናገር ግን ይቻላል፣ ያውም እኛ ሀገር ጠንካራ ነጥብ ነው፣ የሀገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 ፐርሰንት በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው፣ መኪናው የሚጠጣው የአባይንና የኦሞን ውሃ ነው ብትሉ ብዙ አልዋሻችሁም። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የዳገቱ ጥያቄ ግን ለካሜራ የተፈጠረ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ቱርቦ (አየር የሚገፋለት ፓምፕ) የሌለው የነዳጅ ሞተር ደግሞ አየር ካጠረው ጉልበቱ በዛው ልክ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ስልኩን መሪውና ስክሪኑ እንዲታዩ አድርጋችሁ አስሩትና ውጡ፣ ምንም ማስረዳት አያስፈልግም።

እኔ እዚህ በምሳሌነት የምወስደው የእማዬን ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ከባድዋ እሷ ናት።

2. ከመቅረፃችሁ በፊት ሂሳቡን ስሩ

ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል፣ ከዛ ቪድዮው ወጥቶ አንድ ኢንጂነር ነኝ ባይ ይመጣና ያፈርሰዋል። ሻጮች የሚነግሯችሁን ኪሎሜትር እንዳትጠቀሙ በናታችሁ። አብዛኛው እኛ ጋር ያለው መኪና የቻይና ገበያ ስለሆነ የሚወራለት ርቀት በቻይና መለኪያ የተሰላ ነው፣ መለኪያው ደግሞ ቸር ነው። አንድ ሻጭ "500 ኪሎሜትር ይሄዳል በልልኝ" ብሎኝ አያውቅም መሰላችሁ፣ ብሎኛል። እምቢ አልኩት፣ እሱም ስልኬን ማንሳት አቆመ።

በራሳችሁ ለኩ። ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚይዝ እወቁ (የመብራት ደረሰኝ ላይ የሚቆጠረው ያው መለኪያ ነው)፣ ሰኞ ጠዋት ፐርሰንቱንና ኪሎሜትሩን ፃፉ፣ አርብ ማታ ደግሞ እንደገና። የወንድሜ መኪና ባትሪ 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሰኞ ጠዋት 88 ፐርሰንት ነበር፣ አርብ ማታ 43፣ የሄደው 168 ኪሎሜትር። 45 ፐርሰንት ማለት 27 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ያ ማለት ለ100 ኪሎሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በላ ማለት ነው። ይሄ የከተማ መንገድ ነው፣ ከነትራፊኩ ከነመገናኛው።

ብሩን በተመለከተ ዋጋ ቶሎ ስለሚያረጅ በቪድዮው ላይ "በኪሎሜትር ይሄን ያህል ሳንቲም" ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ። የመብራት ደረሰኛችሁን ካሜራው ፊት ዘርጉት (ስምና የደንበኛ ቁጥሩን በጣት ሸፍናችሁ)፣ የማደያውን የሊትር ዋጋ ቅረፁ፣ የወሩን ስም በፅሁፍ አስቀምጡ። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ከሶኬቱ ባትሪው ጋር እስኪደርስ 10 ፐርሰንት ያህል ይባክናል፣ እሱንም ደምሩበት። ሰው በራሱ ደረሰኝ ደግሞ ቢያሰላው ያው ይመጣል፣ ያኔ ነው የሚያምናችሁ።

3. ወረቀት ላይ ሳሉት

ስክሪፕት ምናምን ማለት አያስፈራችሁ፣ የደብተር አንድ ገፅ ነው። ግራ በኩል የሚታየው፣ ቀኝ በኩል የሚሰማው። የእኔ እንዲህ ነበር፣ ሁሉም ተደምሮ 75 ሰከንድ፤

መብራት በጠፋበት ቤት የእማዬ እጅ ሻማ ሲለኩስ፣ ፊቷ አይታይም፣ ድምጿ ብቻ "አሁን መኪናችሁ ምን ሊሆን ነው?" 5 ሰከንድ።

ግቢው ጨለማ፣ የመኪናው በር ይከፈታል፣ ዳሽቦርዱ ይበራል፣ 88 ፐርሰንት። 7 ሰከንድ።

ከዛ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ። በየቀኑ ጠዋት ያው ቦታ፣ ያው ከፍታ፣ ያው ዳሽቦርድ፣ ቁጥሩ ብቻ ሲወርድ፤ 88፣ 79፣ 71፣ 60፣ 52። በመሃል በመሃል የቀኑ አንድ ነገር፣ ረቡዕ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወሰድ፣ ሐሙስ የመርካቶ እቃ መኪናው ኋላ ሲጫን። 35 ሰከንድ ገደማ።

ወንድሜ መሪ ይዞ፣ መኪናው ቆሞ፣ ሂሳቡን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሲናገር። 15 ሰከንድ።

አርብ ማታ 43 ፐርሰንት፣ ገመዱ ሲሰካ፣ "ጠቅ" የምትለዋ ድምፅ። ከዛ ጥቁር ስክሪን ላይ 168 ኪሎሜትር የሚል ፅሁፍ። አለቀ።

ያልነውን ልብ በሉ፣ "መብራት አይጠፋም" አላልንም። ይጠፋል፣ ግን መኪናው በየማታው መብራት አይለምንም፣ በሳምንት አንድ ጥሩ ለሊት ይበቃዋል። እማዬ ራሷ እኮ እንጀራ የምትጋግረው መብራት ያለ ቀን ጠብቃ ነው፣ ይሄኛውም እንደዛው ነው። ይቺን ንፅፅር እሷ ናት የሰጠችኝ፣ ቪድዮው ላይ ባስገባት ኖሮ እያልኩ ይቆጨኛል።

4. ስልኩን አዘጋጁት

ሌንሱን ጥረጉ። ቀልድ አይደለም፣ የኪስ ቅባት ያለበት ሌንስ የፊት መብራትን ሁሉ ጭጋግ ያስመስለዋል።

ለቲክቶክና ለቴሌግራም ከሆነ ስልኩን አቁማችሁ ቅረፁ፣ ለዩቲዩብ ረዘም ያለ ከሆነ አግድም፣ መሃል ላይ አትቀያይሩ። የምስል ጥራቱ 1080 ይበቃል፣ 4ኬ ፋይሉን ያሳብጠዋል፣ ስትጭኑት ዳታችሁን ይበላል።

አሁን ብዙዎች የማያውቋት ነገር። የእኛ ሀገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ነው፣ ስልኮች ደግሞ ሲገዙ 30 ፍሬም (በሰከንድ 30 ምስል) ላይ ተደርገው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ ጋራዥ ወይ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ አምፖል ስር ስትቀርፁ ምስሉ ይርገበገባል፣ መስመር መስመር ይሰራል። መፍትሄው 25 ፍሬም ላይ ማድረግና ሹተሩን (አንዱ ምስል የሚነሳበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ መቆለፍ ነው። አይፎን ላይ የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ የፓል ፎርማት የሚለውን ካበራችሁት 25 ይመጣላችኋል፣ ሌሎች ስልኮች ላይ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለውን ነፃ አፕ ሞክሩ። የመኪናው የራሱ መብራቶች ግን በሌላ ፍጥነት ስለሚርገበገቡ አንዳንዴ እንዲህም አድርጋችሁ ይታያል፣ 5 ሰከንድ ቀርፃችሁ እዩትና ቀጥሉ።

ዳሽቦርድ ስትቀርፁ ስልኩ ጨለማውን ለማብራት ሲል ቁጥሩን ነጭ በነጭ ያደርገዋል። ቁጥሩ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ሲቆለፍ ብርሃኑን ወደታች አውርዱት፣ ቁጥሩ እስኪነበብ። የመኪናውን የውስጥ መብራት አጥፉ፣ ነጭ ሸሚዝ አትልበሱ፣ ስክሪኑ ላይ ራሳችሁን ነው የምታገኙት። ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ ደግሞ አትደብቁት፣ ብዙ ባለቤት የሚኖረው ከሱ ጋር ነው፣ ከጎኑ አማርኛ ፅሁፍ አስገቡበት።

5. ብርሃንና ቦታ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ11 እስከ 12። ከዛ ውጪ ፀሀይዋ አናት ላይ ስለምትሆን መኪናው ጣሪያው ይነጣል ጎኑ ይጠቁራል፣ የሰው አይን ስር ጥላ ይሰራል። የግድ ቀትር ላይ ከሆነ ጥላ ፈልጉ፣ የቀለበት መንገድ ድልድይ ስርም ቢሆን።

መኪናውን ከፊት ለፊት ቀጥታ አትቅረፁት፣ ከጥግ በኩል፣ ፊቱም ጎኑም እንዲታይ፣ ስልኩን የፊት መብራቱ ቁመት ላይ አውርዳችሁ። ቀርባችሁ በሰፊው ሌንስ ከምታነሱት ራቅ ብላችሁ ዙሙን 2ኤክስ ላይ ብታደርጉት ይሻላል፣ ሰፊው ሌንስ ኮፈኑን ድስት ያስመስለዋል።

ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ፣ በዛ ምክንያት ሙሉ ቀን የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ። መንግስት መስሪያ ቤት፣ ወታደር ያለበት፣ ኤርፖርት አጠገብ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። የሌላ ሰው ታርጋ ከገባ ኤዲት ላይ አደብዝዙት። የሚነዳው ሰው አይቀርፅም፣ የሚቀርፀው አይነዳም፣ ሁሉም ቀበቶ ያስራል፣ ቪድዮው ላይ ቀበቶ ያላሰረ ሹፌር ከታየ ሰው የሚያወራው ስለሱ ብቻ ነው። እና ደግሞ ክረምት ላይ ጎርፍ ውስጥ ነድታችሁ "ውሃ አይፈራም" የምትሉትን ነገር ተዉት፣ አንዱ አይቶ ይሞክረዋል።

6. ድምፅ

እዚህ ጋር ነው ኤሌክትሪክ መኪና የሚለየው። የነዳጅ መኪና ድምፅ ሁሉን ይሸፍናል፣ ይሄኛው ግን ዝም ስለሚል የፕላስቲኩ ሲጥ ሲጥ፣ የኤሲው ንፋስ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ቁልፍ ሳይቀር ይሰማል። ኤሲውን አጥፉ፣ መስኮት ዝጉ። የልብስ ማይክ ካላችሁ አሪፍ፣ ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ ላይ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ ከተናጋሪው አጠገብ ደብቁት፣ መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ፣ በጭብጨባው ድምፁንና ምስሉን ታገጣጥማላችሁ።

ዝምታውን ማሳየት ከፈለጋችሁ "እዩ እንዴት ዝም እንደሚል" ብላችሁ በሹክሹክታ አታውሩ። መጀመሪያ የታክሲ ተራ ላይ መስኮት ከፍታችሁ የረዳቱን ጥሪ፣ ክላክሱን፣ ሚኒባሱን ሁሉ አስሙ፣ ከዛ ሳታቋርጡ መስኮቱን ዝጉና ሂዱ። ሰው ራሱ ይሰማዋል። ብቻ ልጆች የሚጫወቱበት ሰፈር ውስጥ አትሞክሩት፣ ያው ዝምታ ለእግረኛ አደጋ ነው፣ ይሄንንም መናገር አያሳፍርም።

ቤት ውስጥ የምትቀዱት ትረካ ከሆነ ጋቢ ተከናንባችሁ ቅዱ። እውነቴን ነው። የቤቱን ማስተጋባት ጋቢው ይውጠዋል፣ ላብ በላብ ትሆናላችሁ ግን ድምፁ የሬድዮ ነው የሚመስለው።

ሙዚቃ የታወቀ ዘፋኝ ዘፈን ቆርጣችሁ አትለጥፉ፣ የሰው ስራ ነው፣ ቪድዮውንም ሊያስነሱባችሁ ይችላሉ። ክራር የሚሞክር ጓደኛ ካለ 20 ሰከንድ አስመቱት። ያለ ሙዚቃም ይሆናል።

7. ሰው ስታናግሩ

"መኪናውን ወደድከው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ "አዎ በጣም" ይላችኋል፣ አለቀ። "መጨረሻ ያናደደህ መቼ ነው?" በሉት። ወንድሜ እንዲህ ስለው የማስታወቂያ የሚመስል ፈገግታውን ጥሎ እውነቱን አወራ፣ አንዴ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ሄዶ የሱ መኪና ሶኬት የቻይና፣ እዛ ያለው ገመድ የአውሮፓ ሆኖ ኮንቨርተር ፍለጋ ሁለት ሰዓት እንደዞረ። ያቺን ታሪክ ካወራ በኋላ "ግን ማደያ ሰልፍ ከያዝኩ ዓመት ሆነኝ" ሲል ሰው ያምነዋል። እንከን ያልተነገረለት መኪና ማስታወቂያ ነው፣ ማስታወቂያ ደግሞ ሰው ጣቱን ገፋ አድርጎ ያልፈዋል።

ከመቅረፃችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ትልልቅ ሰዎችን በተለይ። ጋሼ ብላችሁ፣ ሰላም ብላችሁ፣ ለምን እንደሆነ ነግራችሁ። ሻጭ ከፍሏችሁ ከሆነ የምትሰሩት ቪድዮው ላይ ተናገሩ፣ አንድ መስመር ነው።

8. ቻርጅ አደራረጉን በትክክል አሳዩ

ሰው ከቪድዮ ያየውን ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ያለው ይሁን፣ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩ፣ ገመዱን ተጠቅልሎ እንዳለ አትተዉት፣ ይሞቃል። ከተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ገደማ ነው የሚገባው፣ የኛው ከ43 ወደ 88 ለመድረስ አርብ ማታ 2 ሰዓት ተሰክቶ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው የደረሰው። ይሄን "ረጅም ነው" ብላችሁ አትፍሩት፣ ሰው ተኝቶ እያለ የሚሆን ነገር ነው፣ ግን "በግማሽ ሰዓት ይሞላል" ብላችሁ የፈጣኑን ቻርጀር ታሪክ ከቤት ሶኬት ምስል ጋር አታጣብቁት። ሁለቱ ይለያያሉ።

የአዳማ መንገድን የምትሰሩም እንዲሁ። ስትወርዱ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትሉ ባትሪው ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው፣ ስትመለሱ ግን ዳገቱ ሂሳቡን ያወራርዳል። ደርሶ መልሱን አሳዩ። ከእንጦጦ ስትወርዱ ፐርሰንቱ 1 ወይ 2 ሲጨምር ብትቀርፁ ደስ ይላል፣ ቅረፁት፣ ግን ስትወጡ ከከፈላችሁት ላይ ጥቂቱ ነው የተመለሰላችሁ።

9. ኤዲት

ካፕካት ወይ ኢንሾት፣ የለመዳችሁትን አፕ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ድምፁን ደርድሩ፣ ምስሉን ከላይ አልብሱት። የመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ላይ ሎጎ፣ ሰላምታ፣ "ቤተሰቦች እንዴት ናችሁ" አይግባ፣ ጥያቄዋ ትግባ። ፅሁፉ ትልቅ ይሁን፣ ከታች ጫፍ ላይ አታድርጉት፣ የአፑ በተኖች ይሸፍኑታል። አንዳንድ አፕ አማርኛ ፎንት ሲቀይር ፊደል ይበላል፣ "ቻርጅ" ተብሎ የተፃፈው ካሬ ካሬ ሆኖ እንዳይወጣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከዛ ድምፁን አጥፍታችሁ አንዴ እዩት፣ ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ ያለ ድምፅ ነው የሚያየው። ቀጥሎ ምስሉን ሳታዩ ድምፁን ብቻ ስሙት። ሁለቱም ላይ ካልገባችሁ የሆነ ነገር ጎድሏል።

ከዛ ለአንድ ሰው አሳዩ፣ ለጓደኛ አይደለም፣ ጓደኛ "አሪፍ ነው" ነው የሚለው። የኤሌክትሪክ መኪና ሰው ላልሆነ ሰው። እኔ ለጎረቤታችን ለጋሼ አሳየሁ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቶዮታ ያስተካከሉ ሰው ናቸው፣ መነፅራቸውን አድርገው ሁለቴ አዩት፣ የመብራቱ ነገር ገባቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዛ ተነስተው ወደ መኪናው ሄዱና የኋላውን ክፈት አሉኝ። ከፈትኩ። ምንጣፉን አንስተው "ስኮርታው የታለ?" አሉ። የለም፣ ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፣ ትንሽ የንፋስ መሙያና አንድ ጠርሙስ ሙጫ ነው ያለው። ጋሼ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት፣ ቻይንኛ ነው። "እና ሞጆ ላይ ቢፈነዳብህስ?" አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁና "ጋሼ፣ እሷኑ ድጋሚ ይበሉልኝ" አልኳቸው።